ትርጓሜው ይቆየን

አስከሬኑ የተገኘው ሆቴል ሊሆን ታስቦ በጅምር ከቀረው ሕንፃ ሥር ነው። ጊዜው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ሕንፃው ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ዳገቱን ተደግፎ ቆሟል። ለሚሊኒየሙ እንግዶች ይደርሳል ተብሎ ነበር። እንግዳው እንደተወራው አልጎረፈም፤ ሲሚንቶም ከገበያ ጠፋ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሥራው ቆመ። እኔ ስደርስ ሰው ሬሳውን ከቦታል። በመርማሪ ፖሊስነት ስኖር ሬሳ የከበበ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ከከበቡት መሀል አንድም የሚያለቅስ አልነበረም።

ሟቹ ዘመኑ ይባላል። ሕንፃውን የሚያሠራው የአክሲዮን ማኅበር ሒሳብ ሹም ነበር። የላሊበላ ልጅ ነው፣ ደሴ ተምሮ የተመለሰ፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ከሁለተኛው ፎቅ ወድቆ ጭንቅላቱ ከታች ከተከመረው ጥርብ ድንጋይ ላይ አርፏል። ከኋላዬ አንዱ «እግዜር ፈረደ» ሲል ሰማሁት። ዞር ብዬ ባይ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ደንገጥ ያሉት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ይባላሉ፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው። የከተማው ካህን እኩሌታው ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ስለሆነ ትንሽ ትልቁ «የኔታ» ይላቸዋል። መቋሚያቸውን ለአንዱ አስይዘው ጋቢያቸውን አውልቀው ሬሳውን አለበሱት። «ልጁን ከፀሐይ አንሡት» አሉ።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ሸሚዙን ገልጦ ደረቱን አሳየኝ። ከመሀል ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ክብ ነገር በልዟል። መውደቅ ብቻውን እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም አለኝ፤ አንድ ሰው በአንድ ነገር ጫፍ ገፍቶታል። የሞተው ደግሞ ትናንት ረቡዕ ከሰዓት፣ ከአስር ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ነው። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት ስለሆነ በዚያ ሰዓት ከተማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከከበቡኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው የት እንደነበሩ ጠየቅሁ። መሪጌታ ጋ ስደርስ አፌን ሳልከፍት አምስት ሰው መለሰልኝ፦ እሳቸው ቅዳሴ ነበሩ፣ የት ይሄዳሉ? አልፌያቸው ወደሚቀጥለው ሰው ሄድኩ።

«ክቡ ነገር የዱላ ጫፍ ነዋ» አለ አንዱ። «የደባሱ ዱላ ነው።»

ደባሱን ለመያዝ ምንም ድካም አላስፈለገም፤ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ከሙጃ በኩል መጥቶ በከተማው ዳርቻ ቤት የሠራ ገበሬ ነው፤ አምስት ልጆች አሉት። ባለፈው ቅዳሜ በገበያ መሀል ዘመኑን አንገቱን አንቆ «ከቤቴ ካስወጣኸኝ ነፍስህን አስወጣታለሁ» ማለቱን ያልሰማ አልነበረም።

የጠቡ ሥር ይህ ነው። ከሠላሳ የሚበልጡ ቤተሰቦች፣ ቸርቻሪዎችም ገበሬዎችም፣ ተሰባስበው ማኅበሩን አቋቋሙ። ብር ያለው ብር አዋጣ። ብር የሌለው የከተማ ቦታውን ሰጠ። ትርፍ ቦታም የሌለው፣ እንደ ደባሱ ያለው፣ ከእርሻው ድንጋይ ፈልፍሎ በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱን አወጣ፤ ሁለት ዓመት ያለ ደሞዝ ሠራ። የቀረውን ባንክ አበደራቸው፤ ቤታቸውን አስይዘው ዋስ ሆኑ። ክፍያውን አንድም ወር አላጓደሉም። ጥር ላይ ግን ባንኩ ውሉን አፍርሳችኋል፣ ብድሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ክፈሉ፣ ካልከፈላችሁ ቤታችሁ ከፋሲካ በኋላ በሐራጅ ይሸጣል አላቸው። ምን እንዳፈረሱ የገባው ሰው አልነበረም። ከመሀላቸው ሒሳብ የሚያውቅ ዘመኑ ብቻ ስለሆነ፣ በላን አሉ።

«ብያለሁ» አለ ደባሱ። «ማለቱን ብያለሁ። አላደረግሁትም እንጂ።»

ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርክ አልኩት። በሬው ጠፍቶበት ገደል ለገደል ሲፈልግ ዋለ፤ ብቻውን ነበር፤ ያየው ሰው የለም። በሬው ተገኘ ወይ ስለው አልተገኘም አለ። የዱላው ጫፍ ክብ ነበር፤ ስፋቱም ከቁስሉ ጋር ተስማማ። ወስጄ አሰርኩት። አለቃዬ ስልክ ደውሎ አመሰገነኝ፤ ቱሪስት ባለበት ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ሲንዛዛ ደስ አይለውም።

እኔን ደስ ያላለኝ ሌላ ነው። ገበሬ ሲናደድ ዱላውን ከላይ ወደ ታች ያሳርፋል። በጫፉ አይወጋም። ይህን ለአለቃዬ ብነግረው ይስቅብኛል ብዬ ለራሴ ያዝኩት።

የሕንፃው ዘበኛ ደርበው የሚባል ቀጭን ሰው ነው። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ከበሩ ንቅንቅ እንዳላለ ማለልኝ። ሰው ከፎቅ ሲወድቅ እንዴት አልሰማህም አልኩት።

«ምን ልስማ ጌታው፣ ከቤተ ክርስቲያን ከበሮው እየተመታ!»

ጽፌ ጨረስኩና ቀና ብዬ አየሁት።

«በዐቢይ ጾም?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ሁዳዴ እስኪፈታ ከበሮ እንደማይነካ የላሊበላ ሕፃን ያውቃል፤ እሱም ያውቃል፤ ያመጣው ችኮላ ነው። ነፍስ አጥፍቷል የሚል ሐሳብ ለአንድ አፍታ መጣብኝና ልቤ ቀለል አለኝ፤ ደባሱን ልፈታው ነው ብዬ። ደርበው ግን ወዲያው አለቀሰና ተናዘዘ። ከማኅበሩ መጋዘን ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ አውጥቶ ታች ሰፈር ቤት ለሚሠራ ሰው ሸጧል። ገዢውን አስጠራሁት፤ እያፈረ አመነ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አብረው ሲሚንቶ ሲደብቁ፣ ከዚያም ሽሮ ሲበሉ ነበር። ሌባውን አገኘሁ፤ ነፍሰ ገዳዩን አላገኘሁም። በዚያ ሰዓት ሕንፃው ያለ ጠባቂ እንደነበረ ማወቄ ብቻ ቀረኝ።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶብስ ወልድያ ወረድኩ። ዘመኑ ሰርቆ ከሆነ የሚያውቀው ባንኩ ነው። የብድር ክፍሉ ኃላፊ ማኅሌት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ዶሴውን አወጣች። ዘመኑ አንድ ብር እንዳላጎደለ ነገረችኝ። ተቆጣጣሪ ሁለት ጊዜ መርምሮታል።

ታዲያ ምን አፈረሱ አልኳት። በአምስተኛው አንቀጽ የማኅበሩ ዕዳ ከካፒታሉ እጥፍ እንዳይበልጥ ታዟል፣ በልጦ ተገኝቷል አለችኝ። እኔ ሒሳብ ብዙ አልወድም፤ ቢሆንም አባላቱ የነገሩኝን ደመርኩላት፤ ብሩ፣ ቦታው፣ ድንጋዩ፣ የሁለት ዓመት ጉልበቱ። ተደምሮ ብድሩን ያክላል።

«እርስዎ ካፒታል የሚሉት እርስዎ የሚያውቁትን ነው» አለች። «ውሉ የራሱ አለው።»

ገጹን መልሳ አነበበችልኝ። በዚህ ውል ውስጥ ካፒታል ማለት ባለአክሲዮኖች በማኅበሩ ስም ባንክ ያስገቡት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ሲሆን ቦታን፣ ጉልበትንና በዓይነት የተዋጣን ማናቸውንም ነገር አይጨምርም። ዕዳ ማለት ደግሞ ብድሩን ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለ ደሞዝን፣ ለዕቃ ሻጭ የሚከፈልን፣ በአደራ የተቀመጠንም ይጨምራል። የዋስ ንብረት ማለት የሚኖርበትን ቤት ይጨምራል። በአንድ በኩል ቀነሰ፣ በሌላ በኩል ጨመረ። ደባሱ በጀርባው ያወጣው ድንጋይ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሒሳቡ ወጣ።

«መቼ ነው እንግዲህ ውሉን ያፈረሱት?» አልኳት።

«በፈረሙበት ቀን።»

ይህን እያወቃችሁ ለምን አበደራችሁ ስላት ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ያን ጊዜ ለሚሊኒየም ሆቴል አበድሩ የሚል ትእዛዝ ነበር። ዘንድሮ ጅምር ሆቴል ላይ ያለ ብድር ሰብስቡ የሚል መጣ። ውሉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። እሷ የጻፈችው አይደለም። አባላቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ውሉ በሙሉ ተነቦልኝ ገብቶኛል ብለው በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል፤ ትርጓሜው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት።

ከወልድያ ስመለስ ዘመኑ ቤት ገባሁ። ሚስቱ እየሩስ ባዶ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። ለልቅሶ የተዘረጋ ሰሌን አለ፤ የተቀመጠበት ሰው የለም። የሌባ ልቅሶ አንደርስም ተብሎ ነው። ባልሽ አንድ ብር አልሰረቀም፣ ባንኩ መስክሯል አልኳት። «እኔ አውቅ ነበር» አለች። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

ዘመኑ ማክሰኞ ወልድያ ጠበቃ ዘንድ ሄዶ እንደነበረ የነገረችኝ እሷ ናት። ጥር ከገባ ወዲህ ፊቱ ፈክቶ ያየችው ያን ማታ ብቻ ነው። ቤቶቹ ሊድኑ ነው ብሏታል፤ አንድ ሰው ብቻ ማነጋገር ቀርቶኛል ብሏታል። ማንን ብላ ብትጠይቀው፣ ነገሩ ሲያልቅ እነግርሻለሁ፣ ሰውየውን ሰው ፊት ማሳፈር አልፈልግም አላት። ረቡዕ ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

ጣቢያ ስገባ ደባሱን ከእስር ክፍሉ አስወጣሁትና ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አብረን ተቀመጥን። ውሉ ተነቦላችሁ ነበር ወይ አልኩት።

«ከዳር እስከ ዳር። መሪጌታ ናቸው ያነበቡልን።»

«ምን ይላል? ታስታውሰዋለህ?»

«ቤቴን ያስያዝኩበትን እንዴት እረሳለሁ የኔ ጌታ?»

ማንበብ አይችልም፤ የሰማውን ግን ይይዛል። የዚህ አገር ሰው ጸሎቱንም ዘሩንም የሚይዘው እንዲህ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ። አንቀጽ አንድ፣ ተዋዋዮቹ፣ ብሎ የባንኩንና የማኅበሩን ስም ጠራ። አንቀጽ ሦስት፣ የብድሩ መጠን፣ አለ። አስቆምኩት።

«ሁለትስ?»

ዓይኑን ገለጠና ጣቱን ቆጠረ።

«ሁለት... ትርጓሜ የሚል ነበር። እሱን እንኳ መሪጌታ ‹ትርጓሜው ይቆየን› ብለው ገጹን ገለጡት። ዘመኑ እጁን አውጥቶ ‹የኔታ፣ እሱም ቢነበብ› አለ። እሳቸውም ‹ትርጓሜ አንተ ልታስተምረኝ ነው?› ሲሉት ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።»

ለምን እንደጠየቅሁት አልገባውም። እሱ እንደሚያውቀው ትርጓሜ ማለት ንባብ ካለቀ በኋላ ሊቃውንት የሚያራቅቁት ነገር ነው። ባይሰሙት የሚቀር ጥበብ አለ እንጂ የሚቀር ቤት የለም። ወደ ክፍሉ መለስኩትና ወልድያ ስልክ ደወልኩ።

ጠበቃው ዘመኑን አስታወሰው። ማንበብ ለማይችል ሰው ሳይነበብለት የቀረ አንቀጽ አያስገድደውም ብለን እንከራከራለን፣ ካሸነፍን ውሉ አልፈረሰም ይባላል፣ ቤቶቹም ከሐራጅ ይድናሉ ብሎት ነበር። አባላቱ ግን ባለጉዳይ ስለሆኑ የእነሱ ቃል ብቻ አይበቃም። ያነበበው ሰው ራሱ ዳኛ ፊት ቀርቦ ሁለተኛውን አንቀጽ አላነበብኩም ይበል። ያነበበው ሰው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቤት ስለሚኖር የሚያስይዘው ቤት አልነበረውም፤ ለራሱ ጥቅም መሰከረ የማይባል ምስክር ነው። «ሰውየው ደግ ናቸው፣ ይሉልኛል ብሎኝ ሄደ» አለኝ ጠበቃው።

እውነቱን ለመናገር፣ ገዳዩ ሌላ ሰው ቢሆን በወደድኩ ነበር። በማግስቱ ዲያቆናቱን፣ ቀሳውስቱን፣ መዘምራኑን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ረቡዕ መሪጌታን በዓይንህ አይተሃል? «የት ይሄዳሉ?» ይለኛል እያንዳንዱ። አይተሃል ወይ ስለው ይቆጣል። አጥብቄ ስይዘው አሰብ ያደርግና፣ በዚያ በኩል አልዞርኩም፣ አላስተዋልኩም ይላል። ከዚያ ሁሉ ሰው አየሁ ያለኝ አንድም አልነበረም። ሐሙስ ጠዋትም እሳቸው ራሳቸው ቅዳሴ ነበርኩ አላሉኝም፤ ሌሎቹ አሉላቸው እንጂ።

ጉባኤ ቤታቸው ግቢ ከወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተማሪዎቻቸውን አሰናበቱልኝና ከአጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ። መቋሚያቸው ከጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል፤ ታችኛው ጫፉ ላይ ክብ ብረት ተጫምቷል።

«መሪጌታ፣ ረቡዕ ከሰዓት ቅዳሴ ገብተው ነበር?»

«አልገባሁም» አሉ። «የጠየቅኸኝ ዛሬ ነው ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ዘመኑ ሰው የማይሰማበት ቦታ ብሎ ሕንፃው ላይ ጠራቸው። ትርጓሜ የሚለው ቃል ውል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አስረዳቸው። እሳቸው ያን ቀን ሲዘልሉት ክፋት አልነበራቸውም። ንባብ የማይናወጥ ነው፤ ትርጓሜ ግን አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እየተባለ የሚሰፋ ነው፤ ሰው በንባብ ይታሰራል እንጂ በትርጓሜ ታስሮ አያውቅም። እንዲህ ተምረው እንዲህ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዘመኑ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሰኞ ዳኛ ፊት ቀርበው ዘልያለሁ ይበሉልኝ አላቸው።

«እኔ ንባብ ዘለልኩ ብዬ? አንዲት ፊደል ያሳለፈ ተማሪ ከሀ አስጀምር የነበርኩ ሰው?» አሉ። «ሲነሣ ዞር በል ብዬ በመቋሚያዬ ደረቱን ገፋሁት። ለመጣል አልነበረም። ከኋላው ግድግዳ ያለ መስሎኝ ነበር።»

እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። እኔም አዘንኩላቸው፤ ያዘንኩት ለገዳይ መሆኑን እያወቅሁ አዘንኩ። ብድግ ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ከፊቴ ቀደሙ።

ጣቢያ ገብተን ቃላቸውን ጻፍኩ። ምንም አልደበቁም። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የገፉበትን እጅ ሳይቀር ተናገሩ፤ ዘመኑ አንድ ሳንቲም እንዳልነካም አስጻፉ። ፈረሙ። ደባሱ በዚህ ወረቀት ይፈታል። የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ የሠላሳ ምናምን ቤተሰብ ቤት በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አሁን ደግሞ» አልኩ ብዕሬን ሳላስቀምጥ፣ «ሁለተኛውን አንቀጽ ለአባላቱ አላነበብኩም ብለው ያስጽፉኝ።»

«እሱን አልልም።»

የሰማሁት ትክክል አልመሰለኝም። ዛፉ ሥር ብለውኛል እኮ አልኳቸው።

«ላንተ ብያለሁ። ለጽሑፍ አልልም። ጻፍ፤ ውሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤላቸዋለሁ።»

«መሪጌታ፣ ነፍስ አጥፍቻለሁ ብለው ፈርመው ይህን ይፈራሉ?»

«ነፍስ ላጠፋ ቀኖና አለው» አሉ። «ይህ ሕዝብ ጸሎቱን የያዘው ከእኔ አፍ ነው፤ ቄሶቹም ከእኔ አፍ ነው። ይህን ዘለለ ከተባልኩ፣ ሌላውስ የትኛውን ዘልሎ ይሆን ሊሉ ነው። ቤት ይሠራል። ይህ ከፈረሰ በምን ይሠራል?»

ለመንኳቸው። ተቆጣሁ። የደባሱን ልጆች ስም ጠራሁላቸው፤ እያንዳንዳቸው ክርስትና ሲነሱ እሳቸው ነበሩ። ጆሮዎን ይስጡኝ የሚል ሰው ሲያናግራቸው እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ፤ ከዚያም አሁንም አልልም አሉ። በዚህ ምርመራ የነገሩኝ አንድ ውሸት ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም በፊርማቸው አጸኑት።

ጠበቃው ሁሉም አንድ ቃል ከሆኑ ልሞክር ስላለኝ በአባላቱ ዘንድ ቤት ለቤት ዞርኩ። ያን ቀን «ትርጓሜው ይቆየን» ሲባል ከደባሱ ጋር የሳቁት ሰዎች አሁን ዓይኔን አያዩም። የኔታ አነበብኩ ካሉ አንብበዋል፣ እኛ ነን ያላስተዋልነው አሉኝ። አንዷ ሴት፣ እሳቸውን አሰርክ ብላ በሯን ፊቴ ላይ ዘጋችው። እየሩስ ዘንድ ለልቅሶ የሄደ ሰው መኖሩን ጠየቅሁ፤ አሁንም አልነበረም። ቀድሞ ሌባ ስለሆነ ነበር፤ አሁን መሪጌታን ያሳሰረ ስለሆነ ነው።

ደባሱን የፈታሁት በማግስቱ ነው። ማን እንደገደለ ስነግረው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ከዚያ በጥሞና ነገርኩት፤ ጠበቃው እየጠበቀን ነው፣ ቤትህ እንዲተርፍ ከፈለግህ ለእኔ ያልከውን ለእሱ በለው፣ አንድ ሰው ከደፈረ ሌሎቹም ይከተሉሃል። እኔ ራሴ ይዤህ እወርዳለሁ አልኩት። ፖሊስ ሆኜ አንድን ሰው እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

«መሪጌታ ምን አሉ?» አለኝ።

«አንብቤያለሁ አሉ።»

ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እንግዲያ አንብበዋል» አለ። «እኔን ያን ሰዓት እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል። ድንጋይ ስሸከም ነበር የሰነበትኩት።»

«ደባሱ፣ ከአንድ ወደ ሦስት ያልከኝ አንተ ነህ። ቤትህ ነው፤ ልጆችህ የት ሊገቡ ነው?»

«አውቃለሁ የኔ ጌታ» አለ። «እሳቸውን ግን ውሸታም አላደርግም።»

የመፈቻ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የቀለሙን ሣጥን ከፈትኩ። ላንብብልህ ስለው አያስፈልግም ብሎ አውራ ጣቱን ዘረጋ። እጁን ይዤ አቆየሁትና ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። እሱ ቆሞ በትሕትና አዳመጠኝ፤ ስጨርስ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ፈረመ። ቤቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ተሸጠ።